ባለ አንድ ዓይን ጦር

ወንድሜ ጦሬን በሙሉ በአንድ ዓይን ሣለብኝ። ይህን ሳወራ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሰዎች "ለፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው እንዲህ የምትሆኚው?" ይሉኛል። አዎ፣ ለፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ሰው ለፕላስቲክ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል፤ መስማት ያልፈለገ ደግሞ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

ከባሌ አገር ከወገዳ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ መካነ ኢየሱስ የተመለስሁት በጭነት መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ነው። ግራ ዓይኔ አብጦ ተከድኖ ነበር። የመታኝ ባሌ ነው። የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻው እንዲሆን ግን ቆርጬ ነበር። መንገዱ የታወቀ ነው፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዓይኔን እንደገና የተመታሁ ይመስለኛል፤ እኔም በየጉድጓዱ ባሌን እራገማለሁ። መካነ ኢየሱስ እስክንደርስ ያልረገምሁት ዘር አልቀረውም።

አባትና እናታችን ካረፉ ወዲህ በአባታችን ቤት የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበር። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። በሩን ከፈተና አየኝ። "ውይ እታለም!" አለ። ውኃ አሙቆ አመጣልኝ፤ አልጋውን ለቀቀልኝ፤ ማን መታሽ ብሎ ግን አልጠየቀኝም። መልሱን ስለሚያውቀው ይሆናል። ያን ጊዜ ዝምታውን ከጨዋነት ቆጠርሁለት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የወንድሜ ዝምታ ግን እዚያው ቤት ውስጥ፣ እያየሁት ነቀዘ።

ወንድሜ ሠዓሊ ነው። በልጅነቱ ድጓ ይማር ተብሎ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ተልኮ ነበር። ዜማው እምቢ ቢለው ከአንድ ሥዕል አዋቂ መሪጌታ እግር ሥር ተቀመጠና ብሩሽ ይዞ ተመለሰ። "ቀለም ቆጥሮ ይመጣል ስንል ቀለም በጥብጦ መጣ" እያልሁ እቀልድበታለሁ። እንጀራው የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነው። አልፎ አልፎ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲታዘዝ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ እኔንም "እታለም፣ ቀስ ብለሽ ርገጭ" ይለኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዓይኔ እንደተገለጠ የእናቴን የስፌት መኪና አቧራውን አራግፌ ፊት ለፊት ካለው ክፍል አቆምሁትና ሥራ ጀመርሁ።

ጦርነቱን ቤታችን ያስገባው እሱ ነው። ኔትወርክ ከመጥፋቱ በፊት ስልኩ ላይ ያስቀራት አንዲት ቪዲዮ ነበረችው። ጺማም ፈረንጆች ሰፊ ጠረጴዛ ከበው፣ ጣት የሚያካክሉ ጭራቆችና ባለ ጋሻ ፈረሰኞች ያዋጋሉ። ሌላ የምናየው ስላልነበረን እሷኑ ደጋግመን አየናት። ንግግራቸው አልገባንም። የገባን ይህን ያህል ነው፤ ሁሉም የራሱን ጦር በእጁ ይሠራል፣ ቀለም ይቀባል፣ እየለካ ያራምዳል፣ ዳይስ ጥሎ ይመታል። የቀረውን ሕግ ራሳችን አወጣን፤ ዳይሱንም ከሉዶ ወሰድን። ጊዜውን ደግሞ ቅዱሳኑ ሰጡን። በኛ አገር በሬ የማይጠመድበት፣ መርፌ የማይነካበት ቀን ብዙ ነው። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ እኔ አልሰፋም፣ እሱም ብሩሽ አያነሣም። ስለዚህ ጦሩን በሥራ ቀን ሠርተን በበዓል ቀን እንድንዋጋ ተስማማን። መቀባት ሥራ ነው፣ መዋጋት ጨዋታ ነው ብሎ የፈረደው እሱ ነው። ፍርድ መስጠት ይወዳል፤ ሲጠየቅ ብቻ ነው የሚጠፋበት።

ገበያ ውስጥ ሳፋና ጀሪካን ከሚሸጥ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ከረጢት ገዛን። በአንደኛው አረንጓዴ ወታደሮች አሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አቋም፣ ሁሉም ጠብመንጃ የደገኑ፣ ከወገባቸው ጎን የፕላስቲኩ ስፌት ያፈጠጠባቸው፤ ፊት የሚባል ነገር የላቸውም፣ አፍንጫ ብቻ። ከነሱ ጋር ጥቂት ፈረሶች አሉ። በሌላው አውሬ ነው ያለው፤ ዳይኖሰር፣ አዞ፣ ጦጣ፣ ነብር ይሁን ድመት ያልለየለት ነገር፣ እግሩ የተጣመመና የማይቆም አንበሳ። ወንድሜ ሁለቱንም መሬት ላይ ዘረገፈና፣ "ወታደሮቹና ፈረሶቹ የኔ፣ አውሬዎቹ ያንች" አለ።

ማን አካፈለህ? የርስት ክፍፍል መሰለው እኮ! ወንዱ ለም ለሙን ይወስዳል፣ ለሴቷ ገደላ ገደሉ ይደርሳታል። "በል ይሁን" አልሁት፤ ያን ዕለት ለጠብ አቅም አልነበረኝም። ጠብመንጃቸው ከተሰበረ ወታደሮች ጥቂቱን ወረወረልኝ፤ እንደ ምጽዋት።

እኔ ግን ከዚያ ገደላ ገደል ጦር አወጣሁ። ፕላስቲኩን መጀመሪያ በሳሙና አጠብሁት፤ ካልታጠበ ቀለሙ ይላጣል። በምላጭ የወታደሩን ራስ ቆርጬ የአዞ ራስ ተከልሁለት። ክንዱን በሻማ እሳት አለስልሼ ወደምፈልገው አጠፍሁት። በጋለ መርፌ መዳፉን በስቼ የስንደዶ ጦር አስጨበጥሁት። የውኃ ላስቲክ፣ ሃይላንድ የምንለውን፣ ቀድጄ ለዳይኖሰሮቹ ክንፍ አወጣሁላቸው። ቀንዳቸው የግራር እሾህ ነው፤ ጋሻቸው የኮት ቁልፍ ነው። መቆሚያቸው ደግሞ ቆርኪ፤ ውስጡን አሸዋና ሱፐር ግሉ ሞልቼ። የማይቆመው አንበሳ እንኳ ቆርኪ ላይ ሲወጣ ቆመ። ንግሥታቸውን የሠራኋት ከአንድ ወታደርና ከዚያ ነብር ይሁን ድመት ካልለየለት ነገር ነው። ቀሚሷን ከሰርጌ ልብስ ጥለት ላይ ቆርጬ አለበስኋት። መቀሱን ጥለቱ ላይ ሳሳርፍ ደስ አለኝ።

የሱንም ጦር የሠራሁት እኔው ነኝ። እሱ መቁረጥ አይችልም፤ ምላጭ ሲይዝ ጣቱን ነው የሚከትፈው። የወታደሮቹን ጠብመንጃ ሁሉ ቆርጬ ጣልሁ፤ ከቤት ውጭ ያለው ጠብመንጃ ይበቃናል። ጦር አስያዝኋቸው፣ ፈረስ ላይ አስቀመጥኋቸው፣ ከካባ ገበር በተረፈኝ ቀይ ጨርቅ ካባ ደረብሁላቸው። የሱን ጦር "የብርሃን ጦር" አለው። የኔን ምን እንበለው ቢለኝ "የገደል ጦር" አልሁት፤ ከምን እንደመጣ እንዳይረሳ።

መዋጊያችን ከአሮጌው ጓዳ የተነቀለ በር ነበር፤ ሁለት በርጩማ ላይ አጋደምነው። የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በስንዝር ነው። ሜዳውን በምን እንለካ ስንባባል "በስንዝር" አለ። ስንዝር የማን? የሱ መዳፍ አካፋ ነው። ፈረሰኞቹ በሱ ስንዝር ሦስት ሲራመዱ ሜዳው ያልቃል፤ የኔ ዳይኖሰሮች በኔ ስንዝር ሦስት ሄደው ገና ከደጃፋቸው አይርቁም። "ስንዝር ስንዝር ነው" ይለኛል፣ ያ ሰፊ እጁን ዘርግቶ! ከአንገቴ የማይለየውን የልብስ መለኪያ ሜትር አወጣሁና በሩ ላይ ወረወርሁት። "ሜትር የሱሪ ነው" አለ። "ሱሪ የለበሰ ሁሉ በሜትር ይለካል" አልሁት። ሳቀና ተሸነፈ። ያን ዕለት ወንድሜን ወደድሁት፤ ይህንም አልክድም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ጦር ለመቀባት ወደ ሥራ ቦታው ወሰደ። መጀመሪያ ያመጣው የራሱን ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አፍንጫ ብቻ የነበሩት ወታደሮች ሰው ሆነዋል። ቆዳቸው ጠይም፣ ቅንድባቸው የተቆለመመ፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ሁለቱም ወደ ፊት አፍጥጦ የሚያይ። "እንዲህ ነው እንጅ ልጅ ማሳደግ!" ብዬ ግንባሩን ሳምሁት።

በሳምንቱ የኔን አመጣ። አዞዎቹ እንደ ረግረግ ውኃ አረንጓዴ ሆነዋል፣ የዳይኖሰሮቹ ክንፍ ላይ የደም ሥር ተሥሎበታል። ንግሥቲቱን አነሣኋት። ቀኝ ዓይኗ ያበራል። ወደ ግራ ባዞራት ምንም የለም። ጉንጭ ብቻ። ሌላውን አነሣሁ፤ እሱም እንዲሁ። ሁሉም እንዲሁ።

"ግራ ዓይኗስ?" አልሁት።

"የላትም።"

"ለምን አይኖራትም?"

"ክፉ ናታ። ክፉ በሁለት ዓይን አይሣልም። ሥርዓቱ ነው እታለም።"

ሥርዓቱንማ አውቀዋለሁ። ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳውን እያየሁ አይደል ያደግሁት? ጻድቁ ፊቱን ወደኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ሰይጣኑና ከሐዲው በጎን ይሣላል፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ያ ግን ግድግዳ ነው!

"ግድግዳ አንድ ፊት ነው ያለው" አልሁት። "በጎን የተሣለ ሰው ሌላው ዓይኑ በወዲያ በኩል አለ፤ ለኛ አልታየንም እንጅ። ይኸ እኮ ዙሪያ አለው! አንተ ወዲያኛውን ዓይን ጨርሰህ አጠፋኸው።"

አሰበ። ማሰቡን ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀና፣ "እንግዲህ እኔ የተማርሁት ይኸን ነው" አለ።

"ክፉ መሆናቸውንስ ማን ነገረህ?"

"አውሬ ናቸው እኮ።"

"አውሬውን ማን ሰጠኝ?"

ዝም አለ። ያው ነቀዝ።

ይባስ ብሎ በሚቀጥለው በዓል አዲስ ሕግ ይዞ መጣ፤ ዓይን በሌለው በኩል የመጣን ጠላት የኔ ጦር አያየውም፤ ካላየው መልሶ መምታት አይችልም። ራሱ ዓይኑን ያጠፋል፣ ራሱ አታይም ይላል! ተከራከርሁ፣ ጮኽሁ፣ ዳይሱን ወርውሬ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍሁ። በመጨረሻ ግን ተጫወትሁ፤ በመካነ ኢየሱስ ከሱ ሌላ የሚጫወት ሰው ከየት ይመጣል? ከዚያ ወዲህ ፈረሰኞቹ በግራዬ ብቻ ሆነ መንገዳቸው። እየለካ ይመጣል፣ ከንግሥቲቱ ባዶ ጉንጭ አጠገብ ይቆማል፣ "በግራ ገባሁ" ይላል፣ ይገለብጣታል። ብዙ ጊዜ ገለበጣት። "በግራ ገባሁ" ባለ ቁጥር እጄ ሳላስበው ወደ ግራ ዓይኔ ይሄዳል። እሱ ግን ዳይሱን እንጂ እኔን አያይም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር በላዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አውድማ ሲነሣ ባሌ ሽማግሌ እንደሚልክ ከመጣሁ ጀምሮ ተወርቷል። ሽማግሌ ከመጣ የሚጠየቀው ወንድሜ ነው። ታላቋ እኔ ብሆንም የቤቱ ወንድ እሱ ነው። እሱ "ትሂድ" ካለ አገር ሁሉ "ሂጅ" ይለኛል፣ እንደ ተገዛ በግ ተጎትቼ ወገዳ ልመለስ ነው። እሱ "አትሄድም" ካለ ግን ማንም አይነካኝም። ውኃ ስቀዳ፣ ገበያ ስወጣ የሚያገኙኝ ሴቶች ሳይቀሩ "ታረቂ፤ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" ይሉኛል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው አፉ ይቆረጥ። እኔም ወንድሜን እጠይቀዋለሁ፤ ዳይስ ሲጥል፣ ራት ሲበላ፣ ማስታወቂያ ሲጽፍ፤ "ሲመጡ ምን ትላቸዋለህ?"

"እናያለን እታለም።"

ምኑን ነው የምናየው? አይተኸኝ የለ? በሩን የከፈትህልኝ አንተ አይደለህ? እንደዚያ አብጬ፣ እንደዚያ ጠቁሬ ያየኸኝ በዚህ ከተማ አንተ ብቻ ነህ። ለሌላው ሰው ሳልታይ እስክሽር ቤት ተከትቻለሁ። ምስክሬ አንተ ነህ እኮ! እንዲህ ልለው እልና አፌ ላይ ይቀራል። ራሱ ይናገረው ብዬ እጠብቃለሁ። የምጠብቀው ሰው ደግሞ ጦሬን በአንድ ዓይን የሣለብኝ ሰው ነው።

አውድማ ተነሣ፣ ገብሱም ጎተራ ገባ፣ ሽማግሌዎቹም በማርያም ዕለት መጡ። ሦስት ናቸው፤ ዓይናቸው የደከመ አንድ ቄስ፣ የባሌ አጎት፣ ሌላው ደግሞ አንደበተ ርቱዕ የሚባሉ ገበሬ። ጨዋታ ልንጀምር ጦሩን በሩ ላይ ደርድረን ነበርና አንሶላ ጣል አደረግሁበት። ወንድሜ ጠላ ቀዳ። ገበሬው ሽማግሌ "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ብለው ጀመሩ። ከሥሩ ያሉት ነገር ግን ከሥሩ አልመጣም፤ ከቅጠሉ ነው የጀመሩት። ባሌ ተጸጽቷል፣ ከስቷል፣ ዋስ ጠርቷል፣ ሁለተኛ እጁን አያነሣም። የባልና ሚስት ነገር እንዲህ ነው፣ ግጭት አይጠፋም። ዓይን የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

"ግራ ዓይኔን ነው የመታው" አልሁ። "ቀናት ሙሉ አልተገለጠም።"

የባሌ አጎት አንገታቸውን አስግገው ፊቴን መረመሩት፤ ጥርሱ እንደሚታይ ፈረስ። "ይኸው ድኗል" አሉ። "ክብር ምስጋና ይግባው፣ ምልክት እንኳ የለው።"

"ዓይኔስ ድኗል፤ ያየውን ግን አልረሳም" አልኋቸው። ወደ ወንድሜ ዞርሁ። አሁን ይናገራል አልሁ። አሁን "እኔ አይቻለሁ" ይላል። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወለሉን ያያል።

የባሌ አጎት ብርጭቆአቸውን የሚያስቀምጡበት ሲፈልጉ አንሶላውን ገለጥ አደረጉት። ጦሩ ብቅ አለ። "ምንድን ነው ደግሞ ይኸ?" አሉ።

"ጨዋታ ነው አባቶቼ፣ የበዓል ጨዋታ" አለ ወንድሜ፤ አፈረ። ስለ ጨዋታው ለማፈር ጊዜ አላጣም።

ቄሱ ንግሥቲቱን አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጓት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥዕል ሲያዩ ፊታቸው በራ። "የቤተ ልሔም እጅ ነው፣ ያስታውቃል። እኒህ ባለ አንድ ዓይኖቹ ክፉዎቹ ናቸው አይደል? የማን ናቸው?"

"የእታለም ናቸው" አለ ወንድሜ።

የባሌ አጎት ጭናቸውን መትተው ሳቁ። "ታዲያ ወንድሟ ፈርዶ ጨርሶ የለም እንዴ! እኛ ከወገዳ ድረስ ምን አንከራተተን?"

ሁሉም ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ። ትንሽ ነው፣ በአፍንጫው፣ ለእንግዳ ክብር ያህል። ግን ሳቀ። ባሌ ሲመታኝ እንዲያ አላመመኝም። ይህን የምለው ለነገር ማሳመሪያ አይደለም፤ ባሌ ባዳ ነው፣ ይኸ ግን ጀርባዬ ላይ የተኛ ልጅ ነው።

ገበሬው ሽማግሌ ሳቁ ሲበርድ፣ "እህ፣ አንተ ምን ትላለህ? የቤቱ ወንድ አንተ ነህ" አሉት።

"እኔማ ምን እላለሁ" አለ። "እናንተ አባቶቼ ያላችሁት ይሁን።"

ተነሣሁ። "ያላችሁት አይሆንም" አልሁ። ድምፄ ጎረቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ ይሰማ! "እናንተ አባቶቼ ናችሁ፣ አከብራችኋለሁ፤ ግን አልሄድም። ይኸ የአባቴ ቤት ነው፤ ለወንድ ልጁ ብቻ ትቶት አልሞተም። ባሌ የሚናገረው ካለው ፍርድ ቤት አለ፤ እዚያ ይምጣ፣ እኔም የዓይኔን ነገር እዚያ እናገራለሁ። እዚህ እንደሆነ የሚመሰክርልኝ አጥቻለሁ።"

"በሽማግሌ ፊት! ሴት ልጅ!" አሉ የባሌ አጎት። ቄሱ ንግሥቲቱን ቀስ ብለው ወደ ቦታዋ መለሷት። "ልጄ፣ ቁጣሽ ይብረድና ሌላ ቀን እንመለሳለን" አሉኝ። "አባ፣ ሳይበርድም ቢመጡ ሲበርድም ቢመጡ መልሴ አንድ ነው" አልኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ሸኘኋቸው። እሳቸው እንኳ ሲወጡ ፊቴን አይተውኛል።

ወንድሜ በሩን ዘግቶ መጣ። "ምን እንድል ፈልገሽ ነበር?" አለኝ። እንዲህ ብሎ መጠየቁ ራሱ አናደደኝ።

"አይቻለሁ እንድትል" አልሁት። "ሌላ ምንም አይደለም። ተጣላልኝ አላልሁህ፣ ባሌን ስደብልኝ አላልሁህ። 'ያን ቀን በሩን ስከፍት ዓይኗን አይቻለሁ' በል፤ ይኸን ማለት አቃተህ?"

ሄዶ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመረ።

በማግሥቱ የሥራ ቀን ነበር። እሱ የአንድ ምግብ ቤት ማስታወቂያ ሊጽፍ ወጣ። ነጩንና ጥቁሩን ቀለሙን ከሥራ ቦታው አመጣሁ። ብሩሹን አልነካሁም፤ ብሩሽ የሱ ነው። ከመርፌዎቼ ቀጭኗን መረጥሁና ከንግሥቲቱ ጀመርሁ። ነጭ ነጠብጣብ፣ በላዩ ጥቁር። ዓይን መሥራት እንዲህ ቀላል ነገር ነው! አዞዎቹን፣ ዳይኖሰሮቹን፣ ጦጣዎቹን፣ ያን ጠማማ እግር አንበሳ ሳይቀር፣ ለሁሉም ግራ ዓይን ሰጠኋቸው። እንደሱ አላማረልኝም። አንዱ ወደ ሰማይ ያያል፣ ሌላው ሸውራራ ነው፣ የንግሥቲቱ ግራ ከቀኟ ይበልጣል፣ ያበጠ ይመስላል። ልጠርገው ብዬ ተውሁት። ይበልጥ! ያበጠ ዓይን ሲሽር እንዲህ ነው የሚገለጠው።

ስጨርስ ግራቸውን ወደኔ አድርጌ ደረደርኋቸው። ወንድሜ ማታ ሲገባ በዚያ አልፎ ሄደ። የኔን ጦር ግራ ጎን ማየት ከተወ ቆይቷል፤ ባዶ መሆኑን ያውቃላ።

በሚቀጥለው በዓል ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ በሩን በርጩማዎቹ ላይ አጋደመው። ስለ ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል አላወጣም። እኔም አላወጣሁም። ጦራችንን አሰለፍን፤ ከወዲያ ማዶ ሆኖ የሚያየው ያንኑ የሣለውን ቀኝ ዓይን ነበር። ዳይስ ጣልን። በሜትሬ እየለካ ፈረሰኞቹን እንደ ልማዱ በግራዬ አዞራቸው፤ ያ ቀይ ካባ የሰፋሁላቸውን፣ ሁለት ሁለት ዓይን ያላቸውን። ከንግሥቲቱ ጉንጭ አጠገብ አቆማቸውና ሊገለብጣት እጁን ዘረጋ።

"በግራ ገባሁ" አለ።

"ቁም!" አልሁት። "ታይተሃል።"

እጁ አየር ላይ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ንግሥቲቱን አየ፣ ቀጥሎ አዞዎቹን፣ ቀጥሎ ሁሉንም። "ሥርዓቱን..." ብሎ ጀመረና ተወው። ቀና ሲል ዓይኑ ግራ ዓይኔ ላይ አረፈ፤ ያን ቀን በሩን ከከፈተልኝ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አየኝ፣ እኔም ዓይኔን ከሱ አልነቀልሁም። ከዚያ ፈረሰኞቹን አንድ በአንድ ወደ መጡበት መለሳቸው።

ተራው የኔ ነበር። ዳይሱን አነሣሁ።